የመስፍኑ ፈረስ ጭራ

ከብቅል ቤት መንገድ፣ መስከረም 9 ቀን 1844

ሊል ከተማ፣ ከፈትል ፋብሪካው ጀርባ ለምትኖረው ለልጄ ለዲምፍና፤

እንደምን አለሽልኝ ልጄ? ጽሑፉን አይተሽ የእማዬ እጅ አይደለም ብለሽ እንዳትደነግጪ። እናትሽ ደህና ናት። አጠገቤ ተቀምጣ ካልሲ ትጠግናለች፤ በየሁለት መስመሩ አንገቷን አስግጋ “ደግሞ ምን ጻፍክ?” ትለኛለች። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል። የሞተ ሰው የለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ አባቴ ብዕር ያነሳው የሞት ወሬ ሊያረዳኝ ነው ብለሽ እንዳትሰጊ ነው። እጄ የፈረስ ዛብ እንጂ ብዕር መያዝ እንዳልለመደ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ፊደሉ ቢወላገድ ታገሺኝ። ከጀመርኩት ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

ያንቺ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እናትሽ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ምድጃውን እቆሰቁሳለሁ። ለአክስትሽ ሰላምታ አለ፣ ለጎረቤቶቹ አለ፣ ለቄሱ አለ፣ አንድ ጊዜ ለድመቷም ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እናትሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ለአባዬም ሰላም በይልኝ” ትላለች። እሷ የምትጨምረው መሆኑን ካወቅኩ ቆየሁ። ማንበብ መቻሌን ትረሳዋለች፤ ደብዳቤውን ደግሞ የምታስቀምጠው ከጨው ዕቃው ሥር ነው። አልተቀየምኩሽም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ብሩን ነው። መጨረሻውን ለማወቅ ብለሽ ገጹን እንዳትገለብጪ፤ በተራው ይመጣል።

ባለፈው ፀደይ ነው የጀመረው። አሥራ ሁለት በርሜል ጭነን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ስንወጣ ብሩን መሐል መንገድ ላይ ቆመና ይስል ጀመር። ሲስል ጎኑ እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። መጠጥ ቤት በሌለበት ቦታ ሲቆም የመጀመሪያው ነው። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ግን ጌታው ላውሬይስ በጠመቃ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ሰሙት። መጥተው ጆሯቸውን የጎድን አጥንቱ ላይ ለጠፉ።

“ኮርኔል፣ ይሄ ፈረስ ትንፋሹ አልቋል።”

“አቧራ ነው ጌታዬ።”

“አቧራ? ሰውዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እየዘነበ እኮ ነው!”

ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ፣ ግን ሥራ ሥራ ነው ብለው አዲስ ፈረስ እንደሚገዙ ነገሩኝ። “ለዚህኛው ያንን ሰውዬ ትጠራዋለህ” አሉኝ። ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ከወንዙ ማዶ ያረጁ ፈረሶችን እያረደ ቆዳቸውንና አጥንታቸውን የሚሸጠው ነው። ሊዛን የወሰድኩለት።

ስለ ሊዛ አውርተን አናውቅም። ሐሙስ ቀን ነበር፤ አንቺ ተልባ ልትነቅዪ ሜዳ ወርደሽ ነበር። እግሯ ካነከሰ ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። ጌታው አዘዙ፣ እኔ ወሰድኳት። ማታ ስትመለሺ ባዶውን ጋጣና ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን አፈሳሯን አየሽ። ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር። ምንም ሳትናገሪ ሾርባሽን ጠጥተሽ ተኛሽ፤ በመስከረም ከተልባ ነቃዮቹ ልጆች ጋር ወደ ሊል ሄድሽ። በር ላይ ለእናትሽ ያልሻትን ሰምቻለሁ። “እሱ ዘንድ ያረጀ ሁሉ መጨረሻው ይሄ ነው” አልሽ። ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር።

እና ጌታው ላውሬይስ “ያንን ሰውዬ ትጠራዋለህ” ሲሉኝ፣ ብሩን የሊዛ ልጅ መሆኑን፣ ገና በቀጫጭን እግሮቹ ሲንገዳገድ ደግፈሽ ያቆምሽው አንቺ መሆንሽን አሰብኩ። ግን ያኔም ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት እሺ ያለ አፍ በአንድ ቀን እምቢ ማለት አይሆንለትም።

ያተረፈን የቢራ ጠማቂዎቹ ቅናት ነው። አገራችን የራሷን መንግሥት ካቆመች ወዲህ እያንዳንዱ ከተማ ጥንት የገዛውን ሰው በዘይት ቀለም አሥሎ ግድግዳ ላይ ካልሰቀለ እንቅልፍ አይወስደውም። የታችኛው ከተማ ሰዎች የራሳቸውን አንድ ጢማም ሰቀሉ። የኛዎቹ ጠማቂዎች ይህን ሲሰሙ ተሰብስበው መስፍን ያን የሚባለውን የጥንት ገዢያችንን፣ የብረት ልብስ ለብሶ በጦር ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ከነሱ ግማሽ ክንድ በሚበልጥ ሸራ ላይ እናሥላለን አሉ። መስፍኑ ቢራ ይወድ ነበር ስለሚባል ጠማቂዎቹ ከቅዱሳኑ ቀጥሎ የሚያከብሩት እሱን ነው። በነሐሴ አጋማሽ፣ በጠባቂያቸው በቅዱስ አርኖልድ ቀን፣ አዳራሻቸው ውስጥ ሊሰቀል ተወሰነ።

ሠዓሊው ኤቫሪስት ይባላል። ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ ያሰረ ከሲታ ወጣት ነው። እናትሽ ገና እንዳየችው “ይሄን ልጅ ቤቱ አያበሉትም እንዴ?” ብላ ሳህኑን በሾርባ ሞላችለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን የሚበላው እኛ ዘንድ ሆነ። ሸራውን ባዶው የብቅል ቤት ወለል ላይ አቁሞ ትልቁን በር ወደ ግቢው ከፈተና ፈረስ አምጡልኝ አለ። መጀመሪያ የውል አዋዋዩን የግልቢያ ፈረስ አመጡለት። ያ ቀበጥ ሩብ ሰዓት ሳይቆም የሥዕል ማቆሚያውን በርግጫ ሰበረው። ሁለተኛው የሐኪሙ ፈረስ ነበር፤ እሱ ደግሞ የቀለሙን ሽታ ሲያሸት ሐኪሙን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔና ብሩን ባዶ በርሜሎች ይዘን ግቢ የገባነው ያኔ ነው። ብሩን ቆመ። ቆመ ስልሽ፣ አሥራ አምስት ዓመት በየመጠጥ ቤቱ በር አንድ ብርጭቆ እስክጠጣ ሲጠብቀኝ የኖረ ፈረስ እንደሚቆመው ነው የቆመው። (እናትሽ “ሁለት ብርጭቆ ብለህ ጻፍ” ትለኛለች። አንድ ነው።)

ኤቫሪስት ብሩሹን ከጥርሱ አወጣ። “ይሄ ማነው?”

“ብሩን ነው” አልኩት።

“የመስፍኑ ፈረስ ይሄ ነው!”

ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ጌታው ላውሬይስም እየሳቁ “አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ያረጀ ነው” አሉት።

“መስፍኑም ከሞቱ አምስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል ጌታዬ” አለ ኤቫሪስት። “የሚቆምልኝ ፈረስ እሱ ብቻ ነው።”

ጌታው አገጫቸውን አሹና “ይሁን” አሉ። “ሥዕሉ እስኪያልቅ ድረስ ይህን ፈረስ ማንም እንዳይነካው።” ይህን ያሉት አንጥረኛው ላምበርትና ሦስት በርሜል ሠሪዎች በቆሙበት ነው። ቃሏን አንድ በአንድ በጆሮዬ ያዝኳት።

ፈረሱ ተገኘ፤ የሚጋልበው ጠፋ። የሥጋ ቤቱን መልከ መልካም ልጅ ቢያወጡት ብሩን ዞር ብሎ አየውና ወደ እትዬ ኮሌታ መጠጥ ቤት ይዞት ሄደ። እንደገና ቢያወጡት እንደገና ወሰደው። መጨረሻ ላይ እኔ ልሁን ተባለ። ልጄ፣ አባትሽ በስድሳ አንድ ዓመቱ መስፍን ሆነ! የብረት ልብሱን ለበዓል ሰልፍ ከሚያወጡበት የቤተ ክርስቲያኑ ሣጥን አመጡት። የራስ ቁሩ ውስጥ አይጥ ወልዳ ነበር። ዝገቱን በአመድና በዝይ ስብ ሁለት ቀን ፈተግኩት። የደረቱ ጥሩር ግን ሆዴ ላይ አልገጥም አለ፤ እናትሽ ከኋላዬ ቆማ በገመድ እየሳበች፣

“መስፍን ሆይ፣ እባክዎ ሆድዎን ይሰብስቡልኝ!”

“ሰብስቤያለሁ እኮ!”

“ይሄ የተሰበሰበው ነው? ጌታ ሆይ ማረን!”

ሦስት በርሜል ደርድረው በዚያ ላይ አሳልፈው የብሩን ጀርባ ላይ አወጡኝ። ብሩን ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ተንቀጠቀጠ፤ ከብረቱ ሽታ የተነሳ አላወቀኝም። “እኔ ነኝ አንተ ደደብ” ስለው ጆሮውን ወደ ፊት መልሶ አፍንጫውን ነፋ። ኤቫሪስት ፊቴን አልፈለገውም፤ የመስፍኑን ፊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለው የድንጋይ ሐውልቱ ወስዶታል። “ያንተ ወገብና እጅ ነው የሚያስፈልገኝ፣ አባባ ኮርኔል” አለኝ። እንግዲህ ከአንገት በላይ መስፍን፣ ከአንገት በታች ጋሪ ነጂ ነኝ።

ችግሩ እግሩ ላይ መጣ። ኤቫሪስት የፈረሱ ቀኝ የፊት እግር ተነስቶ፣ ጠላትን ሊረግጥ ሲል እንዲሆን ፈለገ። በእጃችን ብናነሳለት ብሩን ክብደቱን በሙሉ ጣለብን። ላምበርት ጅማቱን መታ መታ ቢያደርገው የኋላውን አነሳ። በገመድ ብንስበው ተኛ። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ፤ ልጁ ፀጉሩን ሊነጭ ደረሰ። በአራተኛው ቀን እናትሽ ቢራ የነካ የአጃ ዳቦ ይዛልኝ ግቢ ገባች። ብሩን ዳቦውን ሲያይ አንገቱን ቀስት አድርጎ፣ ዓይኑን አብርቶ፣ ቀኝ እግሩን እስከ ደረቱ አነሳ። ኤቫሪስት “እንደዚያ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!” ብሎ ጮኸ፤ እናትሽ እጇን ዘርግታ እንደ ሐውልት ቀረች።

እኔና እሷ ተያየን። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ ያ ውርንጭላ ዳቦ ሲፈልግ እጁን እንዲሰጥሽ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ “የሥራ ፈረስ እንደ ውሻ አይጫወትም” ብዬ ተቆጥቼሽ ነበር። እናትሽ በመሐረቧ ዓይኗን ጠረገችና “ቢራው ነው የቆጠቆጠኝ” አለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዳቦ ይዛ የምትቆመው እሷ ሆነች።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ሥዕሉ እንዳያልቅ ሆን ብዬ አስቸግሬያለሁ። ብሩን የሚኖረው ሸራው እስኪሞላ ነዋ! አንድ ሳምንት የጠመቃውን አተላ እስኪጠግብ አበላሁትና ሆዱ ተነፋ። ኤቫሪስት ሆዱን እንደገና ሠራ። ቀጥሎ ድርቆሽ ብቻ ሰጠሁት፣ ሆዱ ጎደለ። ልጁ ብሩሹን ይዞ “ትናንት ይሄ ሆድ እዚህ አልነበረም!” እያለ ይምላል። ከዚያ ጋማው ወደ ግራ ነው የሚተኛው አልኩት፣ ጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ይላል አልኩት፤ ያመነኝ መሰለኝ። በሐምሌ መጨረሻ ግን አጠገቤ ተቀምጦ ሾርባውን ሲጠጣ ቆየና፣

“አባባ ኮርኔል፣ ጉልበቱ ካለቀ ሦስት ሳምንቱ ነው” አለኝ።

ማንኪያዬን ሾርባው ውስጥ አዞርኩ።

“ሚስትህ እትዬ ጎደሊቭ የብሩንን ነገር ነግራኛለች። ለምን ራስህ አልነገርከኝም?”

“ብነግርህ ምን ልትፈጥር?”

“ቀስ ብዬ እሠራ ነበራ! እኔ እኮ ያንተን ጉልበትና ሆድ ሳሳድድ እንቅልፍ አጥቻለሁ።”

ግን ቀን አይቆምም። የቅዱስ አርኖልድ በዓል ደረሰ፤ ሥዕሉ መሰቀል ነበረበት። አዲሱ ፈረስ ተገዝቶ የሊዛ ጋጣ ውስጥ ገብቷል፤ ሰው የሚነክስ አምባላይ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰውዬም በበዓሉ ማግስት እንዲመጣ ተነገረው። የነገሩት ጌታው ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አልሄድኩም። ያን ቀን ጠዋት ብሩንን እንደ ሙሽራ አበጠርኩት፤ የማበጥረው ለምን እንደሆነ ግን ለራሴም አልገባኝም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጠማቂዎቹ ከነሚስቶቻቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ እኛ ሠራተኞቹ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። የክብር እንግዳው ከብራስልስ የመጡ የታሪክ ሊቅ ናቸው፤ መነጽራቸው በጥቁር ክር የተንጠለጠለ ጌታ። ጌታው ላውሬይስ መጋረጃውን ሳቡት። ሕዝቡ በአንድ አፍ “ብሩን!” ብሎ ጮኸ። መስፍኑን ያየው ሰው የለም። እትዬ ኮሌታ “ውይ፣ የኔ ቆንጆ፣ ዓይኑን እዩልኝ!” እያለች አለቀሰች። እውነቷን ነው። ዳማው ቆዳ ያበራል፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ነጭ እንኳ አልቀረችም፤ እግሩ ተነስቶ፣ ከኋላው ሰማዩ ጠቁሮ፣ ከሸራው ዘሎ የሚወጣ ይመስላል። ዕድሜ ልኬን ጀርባውን ሳይ የኖርኩት ፈረስ እንዲህ ያማረ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የታሪክ ሊቁ ተጠግተው በመነጽራቸው ከፊት እስከ ኋላ አዩት። ከዚያ ሳቁ።

“ግሩም ነው፣ ግሩም! ግን እስቲ ንገሩኝ፣ መስፍኑ ጦርነት የዘመቱት በርሜል እየጎተቱ ነው እንዴ?”

“ምን ማለትዎ ነው?” አሉ ጌታው ላውሬይስ።

“ጭራው! የዚያን ዘመን የጦር ፈረስ ጭራው መሬት ይጠርጋል። ይሄ ጭራ የታለ?”

ሁላችንም አየን። ልጄ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ የመስፍኑ የጦር ፈረስ ጭራው እንደኛ አገር የጋሪ ፈረስ ሁሉ ከሥሩ ተቆርጦ አንድ እፍኝ ፀጉር ብቻ ቀርቶታል! ዛቡ እንዳይጠላለፍበት ገና በሁለት ዓመቱ ራሴ የቆረጥኩት ጭራ ነው፤ አንቺ ያን ቀን ጆሮሽን ይዘሽ ጓዳ ተደብቀሽ ነበር። ኤቫሪስት የወፍጮ ቤት ልጅ ነው። ላምበርት አርባ ዓመት ለፈረስ ጫማ ሲመታ የኖረ ነው። ጠማቂዎቹ በየሳምንቱ እየመጡ ሲያደንቁ ከርመዋል፤ ቄሱም ባርከውታል። አንዳችንም አላየንም። ለኛ የፈረስ ጭራ ማለት እሱ ነዋ።

የጌታው አንገት ደም መሰለ።

“ኤቫሪስት! ነገ ጠዋት ጭራ ቀጥልበት።”

ኤቫሪስት አንድ ጊዜ ወደኔ አየ። ከዚያ እጆቹን አጣመረ። “ጌታዬ፣ እኔ የማየውን ነው የምሥለው። ከሐሳቤ አውጥቼ ጭራ አልፈጥርም። ፈረሱ ጭራ ሲያወጣ ይጥሩኝና መጥቼ እሥለዋለሁ።”

ላምበርት ሳቁን ሊለቅ ሲል በእንጨት ጫማዬ እግሩን ረገጥኩት። በዚያ አዳራሽ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተደግፌ ስቆም አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። እንዴት ወደ ፊት እንደወጣሁ አላውቅም።

“ጌታዬ” አልኩ። “ሥዕሉ እስኪያልቅ ፈረሱን ማንም አይነካውም ብለዋል። ሥዕሉ አላለቀም። ስለዚህ ያ ሰውዬ ነገ አይመጣም። ቢመጣም አልሰጠውም።”

ጌታው ላውሬይስ ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኚህ ሰው የተወለዱት ጋጣ አጠገብ ነው። ከነአጥንቱ የተቆረጠ ጭራ እስከ ምጽአት ቢጠብቁት እንደማያድግ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት የብራስልሱ ሊቅ ብቻ ናቸው። እሳቸው ማስታወሻቸውን አውጥተው፣

“ለመሆኑ ለማደግ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?” ብለው ጠየቁ።

ጌታው ኮፍያቸውን በእጃቸው አንድ ዙር አዞሩ።

“እንደ ፈረሱ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “አንዳንዱ ቶሎ ያወጣል። አንዳንዱ... ይቆያል።”

“ሣር ያስፈልገዋል” አለች እትዬ ኮሌታ ከኋላ። “ለጭራ ከሣር የተሻለ የለም። ሥራም መሥራት የለበትም።”

“እንደዚያ ነው እንዴ?” አሉ ሊቁ፣ እየጻፉ።

“እንደዚያ ነው” አሉ ጌታው ላውሬይስ። “ከብቅል ቤቱ ጀርባ ያለው መስክ ይሰጠው።” ከዚያ ወደኔ ዞረው “አንተም በደንብ ተከታተለው” አሉኝ፤ ከንፈራቸው ዳር ላይ ያለውን ነገር ግን ኮፍያቸውን አድርገው ሸፈኑት።

ይኸውልሽ ልጄ፣ ብሩን ዛሬ መስኩ ላይ ጭራውን እያሳደገ ነው። ሳሉም ከብዙ ሥራ እረፍት ስላገኘ ቀነስ ብሎለታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሕዝቡ በአጥሩ በኩል ያልፋል፤ “ኮርኔል፣ ጭራው እንዴት ሰነበተ?” ይሉኛል። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየመጣ ነው” እላለሁ። ጌታው ላውሬይስም ይጠይቁኛል፤ ሳይስቁ ነው የሚጠይቁኝ፣ እኔም ሳልስቅ ነው የምመልሰው። ኤቫሪስት ሥዕሉን ሳይፈርምበት ወደ አንትወርፕ ተመለሰ። ያላለቀ ሥዕል አይፈረምበትም ብሏል።

ሊቁ ማስታወሻቸው ላይ “ፈረሱ ጠላትን ሊረግጥ እግሩን አንስቷል” ብለው ጽፈዋል። አዳራሽ የሚገባ ሰው ሁሉም እንደዚያ ነው የሚመስለው። ዳቦ እየለመነ መሆኑን የምናውቀው እኔ፣ እናትሽና ሠዓሊው ነን፤ አሁን ደግሞ አንቺ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሩን ለእናትሽ ያነሳል፣ ለእትዬ ኮሌታም ያነሳል። ለኔ አንስቶ አያውቅም ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ውስጥ ልጓም እንጂ ዳቦ ይዤለት ሄጄ አላውቅማ። ባለፈው ማክሰኞ እናትሽ ሳታየኝ አንድ ቁራሽ ቢራ ውስጥ ነክሬ ወደ መስኩ ወረድኩ። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየኝ። ብዙ አሰበበት። እጄ እስኪደክመኝ ዘርግቼ ቆየሁ። ከዚያ ቀስ አድርጎ አነሳት።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ለሊዛ ብዬ አንዲት ቃል አልተናገርኩም ነበር፣ ዲምፍና። መናገር ነበረብኝ። ይህን ልነግርሽ ስፈልግ አራት ዓመት አለፈኝ። ለፋሲካ ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ አገር የሚመጡ ጋሪዎች አሉ ይባላል። ሥዕሉን ለማየት ብለሽ ነይ። ብሩንን ለማየት ብለሽ ነይ። ለኔ ብለሽ ባትመጪም ግድ የለም፤ በሩን የምከፍትልሽ ግን እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር ከፋብሪካው አቧራ ሳንባሽን ይጠብቅልኝ፣ ጣቶችሽን ከማሽኑ ያርቅልኝ፣ በምትበዪው ያጥግብሽ፣ የምትተኚበትን ያሙቅልሽ።

አባትሽ
ኮርኔል

ልጄ፣ እናትሽ ነኝ። የተረፈውን ወረቀት ለመንኩት። ሁለት ብርጭቆ ነው፣ አባትሽን አትመኚው። ዳቦ አንድ ቀን ብቻ የወሰደ አስመሰለ እንጂ ጠዋትና ማታ ነው የሚወስደው፤ ያጃ ዳቦ ቤት ውስጥ አልቆይልኝ ብሏል። የሊዛን አፈሳር ደግሞ ከወሰዳት ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው አውርዶ በዝይ ስብ ይወለውለውና መልሶ ምስማሩ ላይ ይሰቅለዋል። ይህን አልጻፈልሽም፤ እኔም አልነገርኩሽም።

መልስሽን በስሙ ላኪለት። እኔ እየጨመርኩ ማንበብ ሰልችቶኛል።